ሦስት ጎል ያለው ሜዳ፦ ባለ ስድስት ጎን የኳስ ሥራ በወሎ እንዴት ይተከላል

ኳስ ሜዳ ሁለት ጎል እንዳለው ማንም አይጠራጠርም። ዴንማርካዊው ሠዓሊ አስገር ዮርን ግን እ.ኤ.አ. በ1962 ሦስተኛ ጎል ጨመረበትና ሜዳውን ባለ ስድስት ጎን አደረገው። ሦስት ቡድኖች በአንድ ኳስ፣ በአንድ ጊዜ ይጫወታሉ። የሚያሸንፈውም ብዙ ያገባው ሳይሆን ትንሽ የገባበት ነው። ዮርን ይህን ያሰበው ነገርን ሁሉ «እኛ» እና «እነሱ» ብሎ ለሁለት የሚሰነጥቀውን አስተሳሰብ ለመነቅነቅ ነበር። እሱ በ1973 አረፈ። ጨዋታው በ1993 ግላስጎው ውስጥ በእግር ተሞከረ፤ በ2014 ደግሞ በስሙ የሚጠራው ሙዚየም በሚገኝባት በሲልከቦርግ ከተማ የዓለም ዋንጫ ተባለለት።

እዚህ የምናሳየው ይህንኑ ሥራ ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ሐይቅ ላይ፣ በሰፈር ሜዳ፣ በባሕር ዛፍና በጀሶ እንዴት እንደሚተከል ነው። 21 ተጫዋች፣ ሁለት ዳኛ፣ አንድ መዝጋቢና አራት የሜዳ ሠራተኛ ካላችሁ በሁለት ቀን ያልቃል፤ አንዱ ቀን ለመትከያ፣ ሌላው ለጨዋታ።

አንድ ነገር ብቻ ለውጡ

በስፖርት የሚቀልዱ የጥበብ ሥራዎች የሚበላሹት ብዙ ጊዜ ቀልድ ሲበዛባቸው ነው። የተሳካላቸውን ተመልከቱ። ጣሊያናዊው ማውሪዚዮ ካቴላን በ1991 የሠራው ጆተኒ እንደማንኛውም ጆተኒ ነው፤ ግን ርዝመቱ ከ6 ሜትር በላይ ስለሆነ በአንድ ወገን 11፣ በሌላው 11 ሰው ይጫወትበታል። ሜክሲኳዊው ገብርኤል ኦሮዝኮ በ1998 ከጠረጴዛ ቴኒስ ላይ መረቡን አንሥቶ መሃሉ ላይ ውሃ አስገባ፤ አራት ግማሽ ጠረጴዛ በኩሬው ዙሪያ ሆነና ተጫዋቹ አራት ሆነ። እንግሊዛዊው ማርቲን ክሪድ በ2008 ለንደን በሚገኘው ቴት ብሪቴን ውስጥ በየ30 ሰከንዱ አንድ ሯጭ ባለ በሌለ ኃይሉ እንዲሮጥ አደረገ፤ ሌላ ምንም የለም። አሜሪካዊው ዴቪድ ሃመንስ በ1986 ብሩክሊን ላይ የቅርጫት ኳሱን ቀለበት ማንም ሊደርስበት በማይችል ከፍታ ሰቀለው፤ ምሰሶውንም በቆርኪ አስጌጠው።

ሁሉም የነኩት አንድ ነገር ነው፤ ርዝመት፣ መሃል፣ ቦታ ወይም ከፍታ። የቀረው ሁሉ የስፖርቱ ልክ እንዳለ ነው። እናንተም የምትለውጡት የጎሉን ቁጥር ብቻ ነው፤ የሜዳው ቅርጽ ተከትሎት ይመጣል። ኳሱ እውነተኛ ኳስ፣ ፊሽካው እውነተኛ ፊሽካ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ይሁን። ኳሱን ካሬ፣ ዳኛውን አስቂኝ ልብስ የለበሰ፣ ጎሉን ጠማማ ካደረጋችሁ ተመልካቹ አንዴ ይስቅና ይሄዳል። ልኩ ያልተዛነፈ ሜዳ ላይ ሲሆን ግን ሁለት ደቂቃ ቆሞ «ቆይ፣ ይሄ ማንን ነው የሚያጠቃው?» ይላል። ሥራው ያን ጥያቄ ነው።

ጊዜና ቦታ

ክረምቱ እስኪወጣ ጠብቁ። በወሎ ደጋ የበልግ ዝናብም ስላለ፣ አስተማማኙ ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር መጀመሪያ ያለው ነው። የገና ሰሞን ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን የማያውቅ የለም፤ ይህ ጨዋታም ያለ እሱ አይሆንም። ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ይሁን። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት፣ እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን፣ ሰኞ ደግሞ ከገበያ ጋር ይጋጭባችኋል፤ በተለይ ባቲ ላይ ሰኞ ሰው ለኳስ አይገኝም።

ለትልቅ ስታዲየም አትጓጉ። 25 ሺህ ገደማ ሰው የሚይዘው የወልድያው ስታዲየም ቢፈቀድላችሁ እንኳ 40 ሜትር ስፋት ያለው ቅርጽ እዚያ ውስጥ ይሰምጣል፤ ከወንበሩ ሲታይ ስድስቱን ጎን ዓይን አይለየውም። የሚሻለው ዙሪያው ዳገት የሆነ የሰፈር ሜዳ ነው። ደሴ በዚህ ታድላለች፤ ጦሳን ተደግፎ የተቀመጠ ከተማ ስለሆነ ከሜዳው በላይ የሚቆምበት ቁልቁለት አይጠፋም። ተመልካቹ ቅርጹን ከላይ ካላየ ግማሹ ሥራ ጠፋ ማለት ነው።

ለሜዳው ፈቃድ በምትጽፉት ደብዳቤ ላይ «የሦስት ቡድን የእግር ኳስ ጨዋታ» በሉ፤ ቀኑን፣ የሰዓቱን ርዝመት፣ የሚቆፈረውን ጉድጓድ ቁጥር (6) እና መልሳችሁ እንደምትሞሉት ጻፉ። ስለ ጥበቡ የሚያወራውን አንቀጽ ለማብራሪያው ወረቀት አቆዩት።

ልኬት

ለእያንዳንዱ ቡድን 5 ተጫዋች ከሆነ አንዱ ጎን 20 ሜትር ይሁን። ስፋቱ 1,039 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከማዕዘን እስከ ትይዩው ማዕዘን 40 ሜትር፣ ከጎን እስከ ትይዩው ጎን 34 ሜትር ከ64 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በአንድ ሙሉ ሜዳ ግማሽ ላይ በደንብ ያርፋል። ቦታ ከጠበበ ጎኑን እስከ 15 ሜትር ማውረድ ይቻላል (585 ካሬ ሜትር ገደማ)፤ ያን ጊዜ ተጫዋቹን በቡድን 4 አድርጉት፤ አለዚያ ሰው በሰው ላይ ይሆናል።

የሚያስፈልገው 50 ሜትር የሚዘረጋ ሜትር ነው። የግንበኛው 5 ሜትር አያዋጣም። 20 ሜትርን በአራት ጊዜ ስትለኩ በየመቀጠያው የምትስቷት ትንሽ ትንሽ ስሕተት ትጠራቀማለች። ትልቁ ሜትር ካልተገኘ የአርማታ ብረት የሚታሰርበት ጥቁር ሽቦ ግዙና ሁለት እኩል ሽቦ አዘጋጁ፤ እያንዳንዱ በሁለቱም ጫፍ ቀለበት ኖሮት ከቀለበት እስከ ቀለበት ልክ 20 ሜትር። ናይለን ገመድ አይሁን፤ ሲጎተት ይለጠጣል። የቃጫ ገመድ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ ውሃ ሲነካው ያጥራል። ደሴ ላይ ጠዋት በጭጋግ የተዘረጋ የቃጫ ገመድ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ሌላ ልክ ነው የሚሰጣችሁ፤ ሦስቱ ማዕዘን በአንድ ልክ፣ ሦስቱ በሌላ ልክ ይተከላሉ።

ከመትከላችሁ በፊት ተዳፋቱን እወቁ። ግልጽ የሆነ ቀጭን የውሃ ጎማ 25 ሜትር ውሰዱ፤ የውስጡ ስፋት 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ 2 ሊትር ውሃ ይሞላዋል። አንዱን ጫፍ መሃል ላይ፣ ሌላውን በየማዕዘኑ ይዛችሁ ውሃው ሲረጋ ከመሬት ያለውን ከፍታ በሁለቱም በኩል ለኩ፤ ልዩነቱ ተዳፋቱ ነው። ውሃው ወዲያ ወዲህ ማለቱን ካላቆመ ወይም ንባቡ በየጊዜው ከተለየ ጎማው ውስጥ አየር አለ። አንዱን ጫፍ ከፍ አድርጋችሁ ጎማውን ከታች ወደ ላይ በጣት እየመታችሁ አረፋውን አውጡ። በ40 ሜትር ውስጥ እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ያለ ዝቅታ ምንም አይደለም። ከ1 ሜትር ካለፈ ኳሱ ሁሉ ታች ያለው ጎል ደጃፍ ይከማቻል፤ ሌላ ሜዳ ፈልጉ።

አሁን አቅጣጫው። አንዱን ጎል በቀጥታ ወደ ሰሜን አድርጉት። በታኅሣሥና በጥር ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ታዘነብላለች፤ በዚህ አቀማመጥ ከሦስቱ በረኞች አንዱም ፊት ለፊት አይጋፈጣትም። ተዳፋቱን ለአቅጣጫ አታስቡት፤ ቡድኖቹ በየክፍለ ጊዜው ጎል ስለሚቀያየሩ ይካካሳል። ፀሐይን ግን መቀያየሩ አያካክሳትም፤ እሷም ቦታዋን ትለውጣለችና።

መሃሉ ላይ ከእንጨት የተሠራ ችካል ትከሉ። ከዚያ ስልካችሁ ላይ ባለው ኮምፓስ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 30 ዲግሪ ያዙና 20 ሜትር ሂዱ፤ የመጀመሪያው ማዕዘን እዚያ ነው። ኮምፓሱን ስታነብቡ ከሽቦው፣ ከመዶሻውና ከመኪና ራቅ በሉ፤ ብረት ያሳስተዋል። ችካሉ እንጨት ይሁን ያልነውም ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ያለው ሁሉ ያለ ኮምፓስ ነው። አንደኛውን ሽቦ መሃል ችካል ላይ፣ ሁለተኛውን መጀመሪያው ማዕዘን ላይ አጥልቁ። የሁለቱን ነጻ ጫፍ አንድ ሰው ይዞ ሁለቱም እኩል እስኪወጠሩ ይራመድ፤ ቀለበቶቹ የተገናኙበት ሁለተኛው ማዕዘን ነው። ችካል ምቱበት። ሁለተኛውን ሽቦ ወደ አዲሱ ማዕዘን አዛውሩና ድገሙት። ስድስተኛው ላይ ከደረሳችሁ በኋላ አንድ ጊዜ ጨምሩ፤ ሰባተኛው ነጥብ የመጀመሪያው ችካል ላይ ማረፍ አለበት።

አያርፍም። ብዙ ጊዜ ትንሽ ይስታል፤ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ድረስ ችግር የለውም፤ በየማዕዘኑ ትንሽ ትንሽ አካፍሉት። ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ ክፍተት ከመጣ ግን ሁለቱ ሽቦዎች እኩል አይደሉም። የጎኑ ሽቦ ከመሃሉ ሽቦ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢያጥር በስድስተኛው ዙር መጨረሻ ላይ 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይጎድላል፤ ስሕተቱ በየማዕዘኑ ተባዝቶ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የመጨረሻውን ጎን አሳጥሮ ወይም አስረዝሞ ሊሸፋፍን ይሞክራል። ያ ጎን የአንዱ ቡድን ነው፤ ቅር የሚለውም እሱ ነው። ሽቦዎቹን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ አስተካክሉና ከመጀመሪያው ማዕዘን ጀምራችሁ ድገሙት፤ ግማሽ ሰዓት ነው።

ማረጋገጫ ሁለት ቁጥር ያዙ። አንድ ማዕዘን ዘልላችሁ ወደ ሦስተኛው ስትለኩ 34 ሜትር ከ64 መሆን አለበት። ጎል ካለበት ጎን መሃል እስከ ሌላው ጎል መሃል ደግሞ ልክ 30 ሜትር። ሦስቱም የጎል ርቀት 30 ከሆነ ሜዳው ፍትሐዊ ነው፤ ሌላው ሁሉ ውበት ነው።

መስመሩን በጀሶ አስምሩ። ኖራ ሜዳ ላይ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ውሃ ሲነካው የሚፈላው ያልበረደ ኖራ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፤ ዱቄት ሆኖ በዓይን ለመለየትም ያስቸግራል። በትልቅ የቲማቲም ጣሳ ቂጥ ላይ በሚስማር 15 ያህል ቀዳዳ ብሱና እንጨት እጀታ አድርጉለት፤ በተወጠረው ሽቦ ላይ እያንቀጠቀጣችሁ ሂዱ። የሚሰመረው የውጭው ዙሪያ 120 ሜትር፣ በየጎሉ ፊት ከጎሉ መሃል በ6 ሜትር የሚዞር ግማሽ ክብ፣ ከመሃሉ ደግሞ ጎል ወደሌላቸው ሦስት ጎኖች እኩሌታ የሚወጡ ሦስት መስመሮች ናቸው። ተደምሮ 230 ሜትር ገደማ ነው፤ በ5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 25 ኪሎ ጀሶ ይበቃል። ጤዛ ባለበት ጠዋት አታስምሩ፤ ጀሶው ረጥቦ ጣሳው ውስጥ ይጋገራል። የድሮው የሜዳ መስመር ከታየ ቀድማችሁ በመጥረጊያ አጥፉት፤ ሁለት ሜዳ ተደራርቦ ከታየ ተጫዋቹም ዳኛውም ይወናበዳል።

ጎሎቹ

ሦስቱ ጎሎች አንዱን ጎን እየዘለላችሁ በየተራ ይተከላሉ። የውስጥ ልካቸው እንደ ፉትሳል ጎል 3 ሜትር በ2 ሜትር ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የባሕር ዛፍ ቋሚ 6 (እያንዳንዱ 2.60 ሜትር) እና አግዳሚ 3 (እያንዳንዱ 3.20 ሜትር) ግዙ። የደረቀ ይሁን፤ እርጥቡ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጠማዘዛል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ቀጥ ያለው አግዳሚ በሁለተኛው ቀስት ይሆናል።

ከማዕዘኑ ተነሥታችሁ በጎኑ መስመር ላይ 8.45 ሜትር እና 11.55 ሜትር ላይ የጉድጓዶቹን መሃል ምልክት አድርጉ። ውፍረቱ ሲቀነስ ውስጡ 3 ሜትር ይመጣል። ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ቋሚውን አስገብታችሁ በድንጋይና በአፈር እያፈራረቃችሁ ጠቅጥቁ። መቆፈር ካልተፈቀደ እንጨቱን መሬት ላይ በተኛ መሠረት ላይ አያይዙና ከኋላ 50 ኪሎ አሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ ሁለት ሁለት ጫኑበት። ይህ መዘለል የሌለበት ነገር ነው። ያልታሰረ ጎል ልጅ ሲንጠለጠልበት ወደ ፊት ይወድቃል፤ በዓለም ዙሪያ ሕፃናትን ገድሏል።

መረብ ከጠፋ ባዶ ማዳበሪያ ተሰፍቶ ያገለግላል፤ ለአንድ ጎል ጀርባ 12 ያህል ይፈልጋል። ግን ማዳበሪያ ንፋስ ይይዛል፤ እንደ ሸራ ተወጥሮ ጎሉን ይገፋል። በየአንዳንዱ ላይ አራት አምስት ቦታ በምላጭ ሰንጥቁት። ያለ መረብ ለመጫወት የምታስቡ ከሆነ «ገባ፣ አልገባም» ለሚለው ክርክር ተዘጋጁ፤ በሦስት ቡድን መካከል ሲሆን ክርክሩ ማለቂያ የለውም፤ ሁልጊዜ ሁለት ለአንድ ነዋ።

ሦስቱ ቡድኖች

ወሎ ላይ ስም መፈለግ አያስፈልግም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል። አራተኛው ቅኝት አንቺ ሆዬ የመሃል ዳኛው ስም ይሁን፤ የማንም ወገን አይደለምና። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ የወሎ ቦታ ስም መያዛቸው ለተመልካቹ ማብራራት የማያሻው ቀልድ ነው። ይህ ስም እንጂ ለውጥ አይደለም፤ ያወጣነውን ደንብ አይጥስም።

ለመለያ የክለብ ማሊያ አትጠቀሙ። አርሴናል፣ ማንቼና ቼልሲ በአንድ ሜዳ ከተገናኙ ተመልካቹ የራሱን ጨዋታ ያያል፤ የእናንተ ሥራ ይረሳል። መቀነት ይሻላል። 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አቡጀዲ 2 ሜትር ቢቆረጥ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መቀነት ስድስት ይወጣዋል። ለተቀያሪዎቹ ጭምር በቡድን ሰባት ስለሚያስፈልግ በየቀለሙ 4 ሜትር ግዙ፤ የተረፈው ለማዕዘን ባንዲራ ይሆናል። ሦስቱ ቀለሞች ከሩቅ የሚለዩ ይሁኑ፤ ቀይና ብርቱካናማ አንድ ላይ አታድርጉ፤ ወደ ማታ አንድ ይሆናሉ። መቀነቱ በጎን በኩል አንድ ጊዜ ብቻ ተስቦ በሚፈታ ቋጠሮ ይታሰር፤ ሰው ሲጎትተው ተፈቶ በእጁ ይቅር እንጂ ተጫዋቹን ይዞ አይውደቅ።

ሕጉና የሚያጣላው

ሦስት ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከቆላ የመጣ ተጫዋች ካለ ወደ 12 ደቂቃ አውርዱት። በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ ሦስቱም ቡድኖች ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ አንድ ጎል ይዛወራሉ፤ ስለዚህ ሁሉም በሦስቱም ጎል ይጠብቃል። የመጀመሪያው ቦታ በዕጣ ነው፤ ዕጣው የሚወጣውም ሜዳ ላይ፣ ፊሽካ ሊነፋ ሲል። ቀድሞ ካወጣችሁት ሁለት አምበሎች ሻይ ቤት ቁጭ ብለው ይስማማሉ።

ኦፍሳይድ የለም። እያንዳንዱ ቡድን የጎሉ ጎንና በስተቀኙ ያለው ጎል የሌለው ጎን ባለቤት ነው፤ ሁለት ሁለት ጎን ይደርሳቸዋል። ኳስ ከአንዱ ቡድን ጎን ሲወጣ፣ መጨረሻ የነካው ሌላ ቡድን ከሆነ ባለቤቱ ይወረውራል። ባለቤቱ ራሱ ካወጣው ደግሞ ከቀሩት ሁለት ቡድኖች ጎሉ ኳሱ ለወጣበት ቦታ የቀረበው ይወረውራል። የቅጣት ምቱ ከ6 ሜትሩ መስመር ነው፤ የሚመታውም ጥፋት የተፈጸመበት ቡድን ነው። በራስ ላይ ማግባት እንደ ገባበት ይቆጠራል፤ ለማንም እንደ ገባ አይመዘገብም። መጨረሻ ላይ ሁለት ቡድን እኩል ትንሽ ከገባበት፣ ከሁለቱ ብዙ ያገባው ያሸንፋል፤ ስለዚህ መዝጋቢው «ማን አገባ» የሚለውንም በደብተር ይያዝ።

የዳኛው ትልቁ ስሕተት ጥምረትን መቅጣት ነው። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ሦስቱም ቡድኖች እንደ ለመዱት ይጫወታሉ፤ ያገኙትን ጎል ያጠቃሉ። ከዚያ አንዱ ሁለት ይገባበትና ሌላው ባዶ ይሆናል። ያኔ ሁለቱ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፤ ምንም ያልገባበትን አብረው ይዘምቱበታል። ኳስ ይቀባበላሉ፣ «ወንድሜ፣ ወዲህ!» ይባባላሉ። የሦስተኛው አምበል ወደ ዳኛው ሮጦ «ይኼማ ማሴር ነው!» ይላል። አዎ፣ ነው፤ ዳኛው ግን ምንም አያደርግም። ሁለት ጎል ሲያገቡበት መሪው ሌላ ይሆናል፤ ወዳጅነቱም እዚያው ሜዳ ላይ ይፈርሳል። ዳኛው ይህን በፊሽካ ካቆመው የቀረው ተራ ኳስ ነው፤ ሜዳውን ባለ ስድስት ጎን ማድረግም ትርፉ ድካም ይሆናል።

አንድ ብልጥ ቡድን ደግሞ አይጠፋም። አምስቱም ጎላቸው ላይ ቆመው ሁለቱ ሲባሉ ያያሉ፤ ምንም ሳያገቡ ሊያሸንፉ። ይህ ሕጋዊ ነው፤ ግን ጨዋታው ይሞታል። መድኃኒቱ ሕግ መጨመር አይደለም። ሁለቱ ቡድኖች ጥቂት ቆይተው ራሳቸው ይነቁበታል፤ አንድ ላይ ሆነው ስምንት ዘጠኝ ሰው ይዘው ይመጡበታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምታዘጋጁ ከሆነ ይህን ጊዜ ለመጠበቅ ትዕግሥት ይኑራችሁ፤ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አሰልቺ መሆኑ የተለመደ ነው።

ሁለት ዳኛ ያስፈልጋል ያልነው ከአንድ ቦታ ቆሞ ሦስት ጎል ማየት ስለማይቻል ነው። አንዱ በመሃሉ አካባቢ ይሩጥ፤ ሌላው ኳሱ ከሌለበት ወገን በውጭ በኩል ይሁን።

የቆርኪ ሰሌዳ

ተራ የውጤት ሰሌዳ እዚህ ያሳስታል። ሰው ሰሌዳ ላይ ትልቅ ቁጥር ሲያይ «ይኼ እየመራ ነው» ይላል፤ እዚህ ደግሞ ትልቅ ቁጥር ያለው እየተሸነፈ ነው። ስለዚህ ቁጥር አትጻፉ፤ ሸክም አሳዩ። 120 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ላይ በቡድኖቹ ስም ሥር ሦስት ረጅም ሲባጎ አንጠልጥሉ። ጎል በተቆጠረ ቁጥር መዝጋቢው ለገባበት ቡድን አንድ ቆርኪ ይሰካለታል። ሲባጎው በከበደ ቁጥር ቡድኑ ወደ ታች እየወረደ ነው፤ ማንም ሳይነገረው ይገባዋል።

ቆርኪዎቹን አስቀድማችሁ ብሱ፤ እንጨት ላይ ጀርባውን አስቀምጣችሁ በሚስማር ከውስጥ ወደ ውጭ። በተቃራኒው ከበሳችሁት ቆርኪው ይደፈጠጣል። የተበሳውን ጠርዝ በመዶሻ ካልደፈጠጣችሁት ሲባጎውን ይበላዋል፤ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ይበጠስና የአምባሰል ውጤት ሣር ውስጥ ይበተናል። 60 ቆርኪ በቂ ነው። ከለስላሳና ከአምቦ ውሃ ብቻ ሰብስቡ፤ የቢራ ቆርኪ ሰሌዳው ላይ ከታየ ቅር የሚለው ተመልካች ይኖራል፤ ወሬውም ከጨዋታው ወደዚያ ይሄዳል። አንድ ሳጥን ለስላሳ 24 ጠርሙስ ነው፤ ሁለት ሳጥን ተኩል ለተጫዋቾቹ ሲጠጣ ሰሌዳው በዚያው ተሟላ።

ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በድምፅ ማጉያ ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ተናገሩ፦ «የሚቆጠረው የገባበት ነው። ትንሽ የገባበት ያሸንፋል።» ስለ ዮርን ማውራት ከጀመራችሁ ልጆቹ ኳሱን ይዘው ይሄዳሉ።

ፎቶ፣ ወረቀትና መንቀል

ድሮን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ዳገቱ ግን አይጠይቅም። ከሜዳው ከ15 ሜትር በላይ ከፍ ካለ ቦታ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ፣ ሰው ሳይገባበት ባዶውን ሜዳ አንሡ፤ መስመሩ ትናንት ከሰዓት ተሰምሮ ያደረ ይሁን። ሌሊት የረጠበ አፈር ስለሚጠቁር ነጩ ጎልቶ ይወጣል። ሁለተኛው ፎቶ በጨዋታው ጊዜ ከዚያው ቦታ ይሁን፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሥራው ያለ ማብራሪያ ይነበባል። ሦስተኛ ማንሣት ካማራችሁ ሰሌዳውን በመጨረሻው ፊሽካ ላይ በቅርብ አንሡት።

የማብራሪያው ወረቀት በአንድ ገጽ ይለቅ፦ የሥራው ስም፣ ዓመት፣ ቦታ፣ የተሠራበት ነገር (ባሕር ዛፍ፣ ጀሶ፣ አቡጀዲ፣ ቆርኪ፣ አንድ ኳስ፣ 21 ሰው፣ 45 ደቂቃ)፣ እና «ከአስገር ዮርን የ1962 ሐሳብ» የሚል መስመር። ሐሳቡ የሰው መሆኑን መጻፍ አያሳንሳችሁም፤ ባትጽፉት ግን የሚያውቅ ሰው አንድ ቀን ይጽፍላችኋል።

ሲያልቅ ቋሚዎቹን ነቅላችሁ ስድስቱን ጉድጓድ መልሳችሁ ሙሉ፤ ከላይ አፈር ጨምሩ፤ የተሞላ ጉድጓድ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ይሰምጣልና። ጀሶውን ተዉት፤ በእግርና በዝናብ በራሱ ይጠፋል። መሃል ያለውን ችካል ግን ሳትነቅሉ እስከ አፈሩ ድረስ ምቱትና ከየትኛው ዛፍ ወይም ግድግዳ ስንት ሜትር እንደሆነ ከሁለት አቅጣጫ ለክታችሁ ጻፉ። በሚቀጥለው ገና ሁለቱን ሽቦዎች ይዛችሁ ስትመጡ ሥራው ከዚያች ችካል ይጀምራል።